ቀለሙ ያለቀው ቀይ ብዕር

አሰላ ውስጥ ተሻለች ወልደ ሚካኤልን የሚያስታውስ ሰው ካለ «ያቺ በኮምፒዩተር የሰው እጅ ያስቆረጠችው» ብሎ ነው የሚያስታውሳት። ስሟ ተረስቶ ወንጀሏ ብቻ ቀርቷል። ወንጀሉ ደግሞ የእሷ አልነበረም። ይህን በምን እንዳወቅሁ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። አሁኑኑ ብናገር የቀረውን የሚያነብ ሰው እኔን ለመርገም ብቻ ነው የሚያነበው፤ እኔ ደግሞ ከመረገሜ በፊት እሷ እንድትታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

አባቷ አቶ ወልደ ሚካኤል ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። የእሳቸው አባት ከሸዋ መጥተው አርሲ ከሰፈሩት ወታደሮች የተወለዱ ባለመሬት ነበሩ። መሬቱ በስድሳ ሰባት ሲወረስ ለአቶ ወልደ ሚካኤል የተረፋቸው ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ሆነ። ተሻለች ያንን እጅ ወረሰች። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ንድፍ ተምራ በሰባ ሦስት እኛ መሥሪያ ቤት ስትቀጠር ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁባት ቶሎ የምትቆጣ ልጅ። መስመር ስታሰምር ትንፋሿን ትይዝ ስለነበር መስመሩ ከረዘመ ፊቷ ይቀላል።

ሥራችን ለገበሬ የሚሆን መሣሪያ ማውጣት ነበር፤ ማረሻ፣ መዝሪያ፣ ጋሪ፣ መውቂያ። እኔ ኃይለመስቀል እባላለሁ፣ የመሐንዲሶች ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። አራት ነበርን፣ አራታችንም ከዩኒቨርሲቲ የወጣን፣ አራታችንም ሞፈር ጨብጠን የማናውቅ። ከኮሪደሩ ማዶ ኢታና ነገሳ የሚባል ዲዛይነር ብቻውን ይሠራል። ኢታና የጢቾ ሰው ነው፣ ሃይማኖቱ ጴንጤ። እንጨት ጠራቢ ሆኖ አድጎ ኋላ ለአንድ ዓመት ውጭ አገር ተልኮ የመሣሪያ ቅርጽ ማውጣት ተምሮ መጣ። የእኛ ሥራ ማሽኑ እንዳይሰበር ማስላት ነበር፤ የእሱ ሥራ ማሽኑ ሰውን እንዳይሰብር ማሰብ ነበር።

እኛ እናሾፍበት ነበር። ገበያ ለገበያ እየዞረ የገበሬ እጅ ይለካል። «ሀርከ ኬ ና አርጊሲሲ» ይላል፣ እጅህን አሳየኝ ማለቱ ነው፣ ከዚያ ሜትሩን ከኪሱ ይመዝዛል። «መዳፍ አንባቢው መጣ» እንላለን። የማሽኑን ቅርጽ ከጭቃ አበጅቶ ሲያመጣልን «ይኼ የሕፃን መጫወቻ ነው፣ ቁጥሩ የታል?» እንለዋለን። እሱ ደግሞ የእኛን ወረቀት ወዲያና ወዲህ አገላብጦ «ሰውየው የት ጋ ነው የሚቆመው?» ይላል። በዚህ መሐል ኮሪደሩን ስትመላለስ የምትውለው ተሻለች ነበረች፣ በአንድ እጇ የኢታናን ጭቃ፣ በሌላው የእኛን ስሌት ይዛ። ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ስላ ታመጣና «በሉ አሁን ተጣሉ» ትለናለች። እንጣላለን። አንዳንድ ቀን እስከ ምሳ ድረስ እንጣላለን። ዛሬ ሳስበው ማሽኖቻችን ደህና ይወጡ የነበረው በዚያ ጠብ ምክንያት ይመስለኛል፤ ያኔ ግን ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

በመጋቢት ሰባ ዘጠኝ ኮምፒዩተር መጣልን። በዕርዳታ የተገኘ ነው፣ ንድፍ ማውጫ ፕሮግራም ያለው፣ ከነፕሎተሩ። ፕሎተር ማለት ጠረጴዛ የሚያህል ዕቃ ነው፤ ባለቀለም ብዕሮቹን አንድ በአንድ እያነሳ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ሥዕል ወረቀት ላይ በራሱ ይስላል። የመሥሪያ ቤቱ የፓርቲ ተጠሪ ጓድ ገብረ መድህን ሳጥኑ ሲከፈት ንግግር አደረገ። «ከእንግዲህ ዲዛይነሩና መሐንዲሱ የሚያዩት በአንድ ዓይን ነው» አለ። ያ ሰው በሕይወቱ ካደረጋቸው ንግግሮች ሁሉ አንድ እውነት ያለው ያኛው ነበር።

ማን ይማረው ሲባል አራታችንም መሐንዲሶች ወደኋላ አልን። ምክንያቱ ያሳፍራል። ዕቃው የፊደል መምቻ ነበረው። ፊደል መምታት ደግሞ የጸሐፊ ሥራ ነው፣ የሴት ሥራ ነው፤ ዲግሪያችንን ይዘን እንደ ታይፒስት ተቀምጠን ልንመታ? «ተሻለች ትማረው» አልን። ከዕቃው ጋር የመጣ ፈረንጅ ባለሙያ ሁለት ሳምንት አስተምሯት ሄደ፣ የቀረውን ራሷ ተማረችው። የምትማረው በምሳ ሰዓት ነበር፤ ወፍጮ ቤቶቹ ለምሳ ሲያቆሙ መብራቱ ይረጋላታል። ሰኔ ሲገባ ያንን ዕቃ ከእሷ በቀር የሚያዝዘው ሰው አልነበረም። እኔ የማውቀው አንድ የተሳለ ነገር ከፍቶ ማተም ብቻ ነው፣ እሱንም ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጥታኝ።

አንድ ደንብ አወጣችልን። መሐንዲሱ የሚያወጣው ሁሉ፣ ዘንጉም ከበሮውም አካሉም፣ በጥቁር ይታተማል። ልኩ በሰማያዊ። ሰው የሚነካው ወይም ሰውን የሚከልል ነገር ሁሉ፣ ማለት የኢታና ሥራ፣ በቀይ። «ማን ምን እንዳለ ይታወቅ» ነበር ምክንያቷ። ስክሪኑ ራሱ ሁሉንም በአረንጓዴ ነው የሚያሳየው፣ ቀለሙ የሚለየው ወረቀት ላይ ሲወጣ ነው።

ያን ዓመት የያዝነው የገብስ መውቂያ ነበር። በሞተር የሚዞር ከበሮ አለው፣ ከበሮው ላይ የብረት ጥርሶች አሉ፣ ነዶውን ማሽኑ በአፉ ይጎርሳል። ኢታና ከተሻለች ጋር ዲክሲስ ሄዶ ከአንድ የአምራቾች ማኅበር ጉደታ የሚባል ገበሬ መርጦ ለክቶ መጣ። የጉደታ ክንድ ከትከሻው እስከ ጣቱ ጫፍ ሰባ አራት ሳንቲ ሜትር ነው። ተሻለች ሰውየውን ኮምፒዩተሩ ውስጥ በመስመር ሳለችው፤ ራሱ አንድ ክብ፣ ክንዶቹ ሁለት ሁለት መስመር። ከበላዩ «ጉደታ» ብላ ጻፈችበት። ኢታና ደግሞ ከማሽኑ አፍ ፊት የሚገጠም የላሜራ ገንዳ አወጣ፣ ዘጠና ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ከላይ የተከደነ። ነዶው በገንዳው ውስጥ ተንሸራቶ ይገባል፤ ሰውየው እጁን እስከ ትከሻው ቢያስገባ እንኳ ጥርሱ ጋ አይደርስም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራችን። ኢታና በግራዋ፣ እኔ በቀኟ ተቀመጥን። ያንን አረንጓዴ ሰው ወደ ማሽኑ አስጠጋችና ክንዱን ገንዳው ውስጥ አስገባችው። አልደረሰም። ጎንበስ አደረገችው። አሁንም አልደረሰም። «አየኸው?» አለኝ ኢታና። አየሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ በኮሪደር ማዶና ማዶ ስንጯጯህ ያልገባኝ ነገር በአምስት ደቂቃ ገባኝ። ደስ አለኝ፣ ከልቤ ነው የምለው። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። «አንቺ ልጅ ጎበዝ ነሽ» አልኳት፣ ፊቷ ቀላ።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን መነጋገር ተውን። ሁሉ ነገር ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ ተባለና ኢታና ወደ እኛ ክፍል መምጣት አቆመ፣ እኛም ወደ እሱ መሄድ አቆምን። የምንጣላበት ጭቃ ቀረ። የሚጠይቅ ሲኖር «ማሽኑ ላይ እይ» ይባላል። ሰው ማሽኑ ላይ አላየም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኢታና ለመንደር ምሥረታ ጢቾ ተላከ። ገበሬው ከየተበተነበት ተሰብስቦ በመንደር እንዲሰፍር የታዘዘበት ጊዜ ነው፤ ሜትር የያዘ ሰው ሁሉ ችካል ለማስመታት ይፈለግ ነበር። የሰው እጅ ሲለካ የኖረው ኢታና፣ ሰው የማይፈልገውን ቤት ሲለካ እስከ ኅዳር ድረስ እዚያው ቀረ።

ጳጉሜ ገባ። በመስከረም ሪፐብሊኩ ሊመሠረት ነውና ከተማው በመፈክር ተሸፈነ። ጓድ ገብረ መድህን ፕሎተሩን ያስታወሰው ያኔ ነው። «የእኛ መፈክር እንደ ሌላው በእጅ አይጻፍም። በቴክኖሎጂ ነው» አለ። ፕሮግራሙ አማርኛ ስለማያውቅ ተሻለች እያንዳንዱን ፊደል በመስመር ሳለችው። «ምርታማነት በአብዮታዊ ዲሲፕሊን!» አንዱ ፊደል አንድ ትልቅ ወረቀት ይዞ፣ ውስጡ በቀይ ተሞልቶ።

«ጓድ፣ ይኼ ብዕር ለመስመር ነው እንጂ ለመቀባት አይደለም፤ ያልቃል» አለችው፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ።

«ለአብዮቱ ሲውል አለቀ ይባላል?» አላት።

መለዋወጫዎቹ ሦስት ቀይ ብዕሮች በሁለት ቀን አለቁ። አራተኛው ፕሎተሩ ላይ ያለው ነው፤ የመጨረሻዋን የቃለ አጋኖ ነጥብ ሲሞላ እሱም ነጣ። ሌላ ብዕር ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ያም የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። ተሻለች ወደ እኔ መጥታ «ኢንጂነር፣ ቀዩ አልቋል። የመውቂያውን ንድፍ እኔ ሳልኖር እንዳያትሙት። ቀዩን ክፍል ወደ ጥቁር ልለውጠው ነው» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። በማግስቱ እሷን ለበዓሉ ሰልፍ ልምምድ ወደ ስታዲየም ወሰዷት።

ጓድ ገብረ መድህን ከሰዓት በኋላ መጣ። «የመውቂያው ንድፍ ዛሬ ብየዳ ክፍል ካልወረደ የበዓሉ ሪፖርት ውስጥ አይገባም» አለኝ። ነገ ትመጣለች ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። ግን እንዲህ ዓይነት ቃል በዚያ ዘመን እንዴት እንደሚከብድ የኖረ ያውቀዋል፤ ይህን ደግሞ ለማመካኛ ብዬ አይደለም የምጽፈው፣ እንደዚያ ስለነበረ ነው። ቁራጭ ወረቀቷን ከመሳቢያዬ አውጥቼ፣ እንደጻፈችልኝ ቁልፎቹን መታሁ።

ፕሎተሩ ጥቁሩን ሳለ። ሰማያዊውን ሳለ። ከዚያ ቀዩን ብዕር አነሳና ወረቀቱ ላይ ይሄድ ጀመር። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ደረቅ ጭረት። ገንዳውን ከነክዳኑ፣ አንዲት መስመር ሳያጎድል ሳለው፤ ቀለም ግን የለውም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል ሳደርገው ጭረቱ ይታያል። ቀና ሳደርገው ይጠፋል። ከማሽኑ አፍ ፊት ባዶ ነው።

እንግዲህ ይኸው፣ ቦታው ደርሷል። አላየሁም አልልም። አይቼዋለሁ። «ላሜራ እንደሆነ እጥረት ነው፣ ገንዳውን ኢታና ሲመለስ ያስጨምረዋል» ብዬ ነው ያለፍኩት። የልቤን ልናገር ካልኩ ደግሞ ገንዳው ያን ጊዜም ቢሆን የኢታና ቅንጦት ነበር የሚመስለኝ፤ ከበሮው መዞሩ ነበር ለእኔ ማሽን። ኮፒ አስነስቼ ለብየዳ ክፍል ላክሁ። ጭረት ኮፒ ላይ አይወጣም። ዋናውን ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

በሁለተኛው ቀን ተሻለች ስትመለስ «ታተመ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ቀዩስ?»

«አስተካክዬዋለሁ» አልኳት። አመሰገነችኝ። ተማረልኝ ብላ ደስ ሳይላት አልቀረም።

ብየዳ ክፍሉ ከከተማው ማዶ ስለነበር ማሽኑን ሲሠሩት አላየችም። የብየዳው አለቃ ግን አንድ ቀን ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «ኢንጂነር፣ የዚህ ነገር አፉ አይቀርብም? ሰው ይጎርሳል እኮ» አለኝ። «በወረቀቱ ሥራ» አልኩት። በወረቀቱ ሠራ።

በኅዳር መጀመሪያ ማሽኑን ጭነን ዲክሲስ ሄድን። ተሻለች አልመጣችም፣ ለንድፍ ሠራተኛ የመኪና ቦታ የለም ተባለ። ማኅበሩ ነዶውን ከምሮ ይጠብቀናል። ማሽኑን የሚያጎርሰው ጉደታ ነበር። ማሽኑ በልኩ እንደተሠራ ተነግሮት ስለነበር አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል። ጓድ ገብረ መድህን ተናገረ፣ ሞተሩ ተነሳ። አንደኛው ነዶ ገባ፣ ሁለተኛው ገባ፣ ሰው አጨበጨበ። ሦስተኛውን ጉደታ ሳይለቀው ከበሮው ሳበው። «ያ ዋቃ!» ብሎ አምላኩን ሲጠራ ብቻ ሰማሁ። ሞተሩን እስኪያጠፉት ድረስ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ሄዶ ነበር። ቆሜ አየሁት፤ እኔ አልሮጥኩም፣ የሮጡት ገበሬዎቹ ናቸው።

አሰላ ስንመለስ የመርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ ተባለ፣ ጉዳዩም የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ተባለ። ያንን ቃል የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የራሱን አንገት ነው። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወረቀቱን ከመሳቢያዬ አውጥቼ፣ አጣጥፌ፣ ወደ ብየዳ ክፍል ሄድኩና ብረት ማጋያው እሳት ውስጥ ጣልኩት። ማንም አላየኝም። ሲቃጠልም እንደ ማንኛውም ወረቀት ነው የተቃጠለው።

ስብሰባው የተደረገው በአዳራሹ ውስጥ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ነው። የተጠየቀው አንድ ነገር ነው። ጉደታን ከከበሮው የሚከልለው ገንዳ ለምን ንድፉ ላይ የለም? ንድፉን ያወጣው ማን ነው? ሁሉም ወደ ተሻለች ዞረ። ተነሳች። 

«ገንዳው አለ። ኑ ላሳያችሁ» አለች።

ኮሚቴው ተነስቶ ኮምፒዩተሩ ወዳለበት ክፍል ሄደ። ከፈተችው። ማሽኑ ከነገንዳው ወጣ። ያ አረንጓዴ ሰውም ወጣ፣ ስሙ ከበላዩ እንደተጻፈ፣ ሁለት እጅ ያለው። ክንዱን ገንዳው ውስጥ አስገብታ አሳየቻቸው፤ አልደረሰም።  የዳነች መሰለኝ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንድትድንም ፈልጌ ነበር፣ እኔን ሳትነካ እንድትድን።

ጓድ ገብረ መድህን ግን ሞኝ አልነበረም። «ይህ በመብራት የተሳለ ነገር ነው። ትናንት ልትጨምሪው አትችይም?» አላት።

«እችላለሁ» አለች። ዋሽታ እንኳ አታውቅም። «የታተመውን ወረቀት አምጡት። ዋናውን፣ ኮፒውን አይደለም። ቀዩ ብዕር ቀለሙ አልቆ ስለነበር ሳይለወጥ ከታተመ ጭረቱ ወረቀቱ ላይ አለ። ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ እዩት። ኢንጂነር ኃይለመስቀል ጋ ነው ያለው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እሷ የምታየኝ በተስፋ ነበር። ከመፍራቴ ይልቅ ያንን ነው ዛሬ ድረስ መርሳት ያቃተኝ።

«ኮፒ ከተነሳ በኋላ ዋናውን አናስቀምጥም» አልኩ።

አየችኝ። ገባት። በዚያች ደቂቃ ሁሉ ነገር እንደገባት ከፊቷ አይቻለሁ። ሆኖም እኔን ከመክሰስ ፋንታ ወደ ጓድ ገብረ መድህን ዞረችና የማይባለውን ተናገረች። «ቀዩ ብዕር ለምን እንዳለቀ እርስዎ ያውቃሉ። በመፈክሩ ነው ያለቀው። ያልቃል ብዬ ነግሬዎታለሁ።»

«እጅ የቆረጠው መፈክሩ ነው ልትይ ነው?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ በኋላ የሚድን ሰው የለም።

ኢታና ከጢቾ ሲሰማ በእግሩም በመኪናም ብሎ ደርሶ ነበር። ገንዳውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እሷ ስላዋለች፣ እምላለሁ አለ። «የጴንጤ መሐላ አንቀበልም» ተባለ፣ ከአዳራሹ ውስጥም የሳቀ ሰው ነበር። እኔን ማንም ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ግለ ሂስ እንድትጽፍ ወረቀት ሰጧት፤ ስለ ቀዩ ብዕር ጻፈች። ቀደው ሌላ ሰጧት፤ ያንኑ ጻፈች። አሥር ወር ታሰረች፣ ከሥራ ተባረረች። ውሳኔውም ዲክሲስ ድረስ ተልኮ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ፣ ጉደታ ክንዱን እንደጠቀለለ ተቀምጦ፣ ከነስሟ ተነበበ።

እኔ በሹመት አደግኩ። ኮምፒዩተሩን የሚነካው ስለጠፋ ጨርቅ አልብሰን ተውነው። ሰው መሆኔን የማስታውሰው አልፎ አልፎ ነበር፣ እሱም በመጠጥ።

በሰማንያ ሁለት ተሻለች ሁሩታ እንዳለች ሰማሁና ሄድኩ። ለልብስ ሰፊዎች ጨርቅ ላይ የጥልፍ ንድፍ እየሳለች ነበር የምትኖረው። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ብዙ ጠመኔ። ስታየኝ አልተነሳችም።

«ወረቀቱን ምን አደረግኸው?» አለችኝ። ድሮ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ።

«አቃጠልኩት።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ጠመኔዋን አላስቀመጠችም። መስመሩን ስትጨርስ ትንፋሿን ለቀቀች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«እኔን ተወኝ። እኔ እውነቱን አውቀዋለሁ፣ አንተም ታውቀዋለህ። ጉደታ ግን አያውቅም። በገበያ ቀን ሁሩታ ይመጣል። ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ኢታና ሲለካው ሜትሩን በዚያ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ‹ለምንድን ነው የምትለኩኝ?› ሲለን ‹እንዳትጎዳ ነው› ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ለመቁረጥ የለካነው ይመስለዋል።» እዚህ ላይ ጠመኔዋን አስቀመጠች። «ሥራዬን መልስልኝ አላልኩህም። ለመንግሥት ተናገር አላልኩህም። ለአንድ ሰው፣ ለጉደታ ብቻ ንገረው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ዛሬውኑ እሄዳለሁ» አልኳት። ከልቤ ነበር። እስከ በሩ ሸኘችኝ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ያልታየ ተስፋ ፊቷ ላይ አየሁ መሰለኝ።

መናኸሪያው ላይ ሁለት መኪና ቆሟል፣ አንዱ ሽቅብ ወደ ዲክሲስ፣ አንዱ ወደ አሰላ። የዲክሲሱ ለመሙላት አንድ ሰው ነው የቀረው። በሩን ይዤ ቆምኩ። ጉደታ ለማኅበሩ ሊቀመንበር ቢናገርስ አልኩ። ሊቀመንበሩ ለወረዳ ቢናገርስ። ወረዳው አሰላ ቢደውልስ። ሹፌሩ «ትገባለህ አትገባም?» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ተዘጋጅቼ ብሄድ ይሻላል አልኩና የአሰላውን ተሳፈርኩ።

ያ ሳምንት ሳይመጣ ጉደታ በመጋቢት ሰማንያ ሦስት በሕመም ሞተ። የሚያስፈራኝ መንግሥት ከሁለት ወር በኋላ በግንቦት ወደቀ። ተሻለች የጉደታን ሞት ስትሰማ ለለቅሶ ዲክሲስ ድረስ ሄዳ ነበር፣ ኢታና ነው የነገረኝ። ልጆቹ ከደጅ መለሷት።